ያልተጠራ ተጫዋች ወደ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን እንዴት ይገባል?

በአሜሪካ ኮሌጆች አሠልጣኝ ሳይመለምለው፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ ሳይሰጠው፣ በራሱ ተነሣሽነት መጥቶ "ልጫወት" የሚል ተማሪ ዎክ-ኦን ይባላል። ይህን መንገድ የሚያስቡ አብዛኞቹ ወጣቶች ጉዳዩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ይመስላቸዋል፤ የሙከራ ልምምድ ይጠራል፣ ጂም ይገባሉ፣ ደጋግመው ያስቆጥራሉ፣ አሠልጣኙም ተደንቆ ይቀበላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይሄድም። የትንሽ ኮሌጅ አሠልጣኝ በኦክቶበር ልምምድ ሲጀምር የቡድኑን ዝርዝር ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይቀረው ይሆናል፤ ለእነዚያም ቢሆን ማንን ሊያይ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በልቡ ይዟል። ስለዚህ የሙከራው ቀን በአብዛኛው ቀድሞ የተፈጠረ ግምት የሚረጋገጥበት ቀን ነው። እውነተኛው ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። የሚሳካለትም ከሁሉ የበለጠው ተጫዋች ሳይሆን ቡድኑ የጎደለውን ቀድሞ አውቆ ያንን ይዞ የመጣው ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ የምትገባበትን ዓለም እወቀው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ በሚያወጣው ግምት መሠረት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ 100 ወንዶች መካከል በማኅበሩ ኮሌጆች የሚጫወቱት ከ3 እስከ 4 ብቻ ናቸው፤ የማኅበሩ ከፍተኛ ክፍል ወደሆነው ዲቪዥን 1 የሚደርሰው ደግሞ 1 ገደማ ነው። በዲቪዥን 1 በሩ ከበፊቱም ጠቧል። የተጫዋቾችን ቁጥር የሚገድበውን፣ በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀውን ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች በቅርጫት ኳስ ከ15 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም፤ ከእነዚህ ውስጥ ያልተመለመለ ተማሪ የሚያገኘው ቦታ ትንሽ ነው። ዲቪዥን 3 ግን ሌላ ነው። ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች ያሉበት ይህ ክፍል የስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ አይሰጥም። ኤንኤአይኤ የሚባለው ሌላ ማኅበር ከ200 በላይ በአብዛኛው ትናንሽ ኮሌጆች ያሉት ሲሆን ስኮላርሺፕ መስጠት ይፈቅዳል። የሁለት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ በአብዛኛው በኤንጄሲኤኤ ሥር ናቸው፤ ካሊፎርኒያና የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች የየራሳቸው ማኅበር አላቸው።

ዲቪዥን 3 ስኮላርሺፕ አለመስጠቱ ላንተ ያለው ትርጉም ብዙዎች ከሚያስቡት የሰፋ ነው። ገንዘብ በሚከፈልበት ቡድን ውስጥ አሠልጣኙ ወጪ ያወጣበትን ተጫዋች ማጫወት ግድ ይለዋል፤ ካላጫወተው የራሱ ምርጫ ስህተት መሆኑን ያሳያልና። በዲቪዥን 3 ግን የተመለመለውም ያልተመለመለውም በስፖርቱ ምክንያት ከኮሌጁ አንድም ሳንቲም አያገኝም። የተመለመለው ልጅ የሚቀድምህ በእምነት ነው፤ አሠልጣኙ ስልክ ደውሎለታል፣ ሲጫወት አይቶታል፣ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሯል፣ ጠባዩን ያውቃል። ገንዘቡን ልትወዳደረው አትችልም ነበር፤ እምነት ግን በትዕግሥት ከሠራህበት የሚገኝ ነገር ነው።

"ትንሽ ኮሌጅ ከሆነማ ቀላል ነው" የሚለውን አትመን። ዴቪን ጆርጅ ከሚኒያፖሊሱ ኦግስበርግ ተነሥቶ በ1999 በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 23ኛ ሆኖ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሄዷል። ደንከን ሮቢንሰን በ2014 ከዊሊያምስ ኮሌጅ ጋር ለዲቪዥን 3 ፍጻሜ ደርሶ፣ ወደ ሚሺጋን ተዛውሮ፣ በኋላ ኤንቢኤ ገብቷል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች በ2024 እና በ2025 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ የዲቪዥን 3 ዋንጫ ወስደዋል። በሌላ በኩል እዚያው ዲቪዥን 3 ውስጥ የካሊፎርኒያው ካልቴክ በሊጉ 310 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ በፌብሩዋሪ 2011 ኦክሲደንታልን 46 ለ45 ሲያሸንፍ ነው የተገላገለው። አንድ ስም የተሰጠው ክፍል እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይዟል። ስለዚህ የዲቪዥኑ ቁጥር ብቻውን ስለ አንተ ዕድል ብዙም አይነግርህም፤ እያንዳንዱን ቡድን ለየብቻ ማንበብ አለብህ።

ንባቡ የሚጀምረው ከኮሌጁ የስፖርት ድረ ገጽ ነው። የቡድኑ ዝርዝር የእያንዳንዱን ተጫዋች ቁመት፣ የሚጫወትበትን ቦታና ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ያሳያል። አንተ በምትጫወትበት ቦታ ስንት ሰው እንዳለና ከእነርሱ ስንቱ በዚህ ዓመት እንደሚመረቅ ቁጠር። ቀጥለህ የጨዋታ ውጤት ሰንጠረዦችን ክፈትና ከ10 ደቂቃ በላይ የሚጫወቱት ስንት እንደሆኑ እይ። ስምንት ሰው ብቻ የሚያጫውት አሠልጣኝ አለ፤ በአንጻሩ በአይዋ ያለው ግሪኔል ኮሌጅ አምስቱንም ተጫዋች በአጭር በአጭር ጊዜ እየቀየረ ብዙ ሰው የሚያጫውት፣ ፈጣን አጨዋወት በመከተል የታወቀ ነው፤ በኖቬምበር 2012 ጃክ ቴይለር በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ ያስቆጠረው በዚያ አጨዋወት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ተጫዋች ስለሚፈጅ ለአዲስ ሰው ጆሮ አለው። ሁለተኛ ቡድን ያለው ኮሌጅም እንዲሁ፤ አሠልጣኙ አንተን ሳያሰናብት የሚያቆይበት ቦታ አለውና። በፀደይ አዲስ አሠልጣኝ የተቀጠረበትን ኮሌጅ በተለይ ልብ በል፤ አሠልጣኝ ሲለወጥ ተጫዋቾች ይለቃሉ፣ አዲሱም ለመመልመል ጊዜ አያገኝም።

ከዚህ ንባብ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበትህ ተጎድቶ ዳግም ባትጫወት በዚያ ኮሌጅ መማርህን ትቀጥላለህ? መልሱ "አይ" ከሆነ ኮሌጁን ተወው። ስኮላርሺፕ ለማያገኝ ተማሪ ለኳስ ሲል የማይፈልገውን ትምህርት መክፈል ከሁሉ የከፋ ስሌት ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች አማራጩ ሰፊ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋሎዴትና በአርሊንግተን ያለው ሜሪማውንት ዲቪዥን 3 ናቸው፤ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በኤንጄሲኤኤ ይጫወታል። በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ኦግስበርግ፣ ማካለስተርና ሃምሊን አሉ። በሲያትል አካባቢ ቤልቪውና ሃይላይን የሁለት ዓመት ኮሌጆች ናቸው። ከቤተሰብ ቤት እየተመላለሱ መማር የመኝታና የምግብ ወጪ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ከውጭ ጨዋታ በሌሊት የሚመለስ አውቶቡስ ከግቢው በር ላይ ያወርድሃል፣ ከዚያ ቤትህ የምትደርስበትን መንገድ ቀድመህ አስብበት።

ሁለተኛው ሥራ ለአሠልጣኙ መጻፍ ነው። ጊዜው ለኮሌጁ ካመለከትክ በኋላ፣ የሚሻለው ደግሞ ተቀባይነት ካገኘህ በኋላ ነው፤ ወደ ግቢው መምጣቱ የተረጋገጠ ተማሪ ለአሠልጣኙ ምንም የማያስወጣው ተጫዋች ነውና። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ ስምህ፣ የምትመረቅበት ዓመት፣ እውነተኛ ቁመትህ፣ የምትጫወትበት ቦታ፣ የትምህርት ውጤትህ፣ ስለ አንተ ሊናገር የሚችል አሠልጣኝ ስምና ስልክ፣ የቪዲዮ ማያያዣ። ቁመትህ ላይ ሁለት ጣት አትጨምር፤ በር ላይ ሲያይህ ያውቀዋል፣ የቀረውንም ጽሑፍህን መጠራጠር ይጀምራል። ቪዲዮው ያስቆጠርካቸው ኳሶች ብቻ የተለቃቀሙበት አይሁን። ሳይቆረጥ የቀረበ አንድ ሙሉ የጨዋታ አጋማሽ ስትከላከል፣ ስትሳሳት፣ ከስህተት በኋላ ወደ ኋላ ሮጠህ ስትመለስ ያሳያል፤ አሠልጣኝ የሚፈልገው ይህንን ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ግልጽ ጥያቄ አስቀምጥ፦ ያልተመለመሉ ተማሪዎች የሚሞክሩበት ልምምድ አለ ወይ፣ ባለፉት ዓመታት ከእነርሱ ውስጥ የተወሰደ ሰው ነበር ወይ፣ በኔ ቦታ የሚጫወት ሰው በዋናነት ምን ሊኖረው ይገባል? በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ለረዳት አሠልጣኙ ጻፍ፤ በብዙ ትናንሽ ኮሌጆች ደብዳቤ የሚያነበው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የሐበሻ ልጆች ይቸገራሉ። ለታላቅ ሰው ራስን አጉልቶ መጻፍ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፣ ስለ ልጁ የሚናገረው አባት ወይም አጎት ነው ብለን አድገናል። በዚህ ጉዳይ ግን አሠልጣኙ መስማት የሚፈልገው የተጫዋቹን ድምፅ ነው፤ አባት ሲደውልለት ልጁ ራሱን ችሎ መናገር አይችልም ብሎ ይወስዳል። ጨዋነትህን ማስቀረት የለብህም። "ኮች" ብሎ ከአባቱ ስም ጋር መጥራት፣ ስለ ጊዜው ማመስገን፣ ያልሆንከውን አለመናገር በቂ አክብሮት ነው።

ሦስተኛው፣ እኔም ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው፣ በበጋው የምታዘጋጀው ችሎታ ነው። አሠልጣኙ ነጥብ የሚያስቆጥርለት ሰው አለው፤ የመለመላቸው ለዚህ ነው። በዝርዝሩ ጫፍ ያሉት ሰዎች ሥራ ሌላ ነው። በልምምድ ላይ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ አጨዋወት አስመስለው ይጫወታሉ፣ ዋናውን ተጫዋች በየቀኑ ይፈትኑታል፣ አንዱ ሲጎዳ ወይም በፋውል ሲወጣ ገብተው ለሦስት ደቂቃ ምንም ሳያበላሹ ይቆያሉ። ስለዚህ የሚፈለገው በአንድ ነገር የታመነ ሰው ነው፦ የማይታለፍ ተከላካይ፣ ተጋጣሚውን በጀርባው ዘግቶ ሪባውንድ የሚያወርድ፣ ኳስ የማያስነጥቅ፣ ወይም ባዶ ቦታ ሲያገኝ ሦስት ነጥብ የማይስት። "በሁሉም ጎበዝ ብሆን አይሻልም?" ብትል፣ ይሻላል፤ ግን በሁሉም ከሌሎች የምትበልጥ ብትሆን ኖሮ ቀድመህ ትመለመል ነበር። ባለህ ጥቂት ወራት አምስት ችሎታ በትንሹ ከፍ ከምታደርግ አንዱን በቡድኑ ውስጥ ማንም የማይወዳደርህ ደረጃ አድርሰው፤ የትኛውን እንደሆነ ያነበብከው ዝርዝርና አሠልጣኙ ወይም ረዳቱ የሰጠህ መልስ ይነግሩሃል።

ልምምዱንም በኮሌጁ ልክ ሥራው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስት ነጥብ መስመር ከቅርጫቱ 6.02 ሜትር ሲርቅ የኮሌጁ 6.75 ሜትር ነው፤ በትምህርት ቤት ከመስመሩ ላይ ሲገባልህ የነበረው ኳስ እዚያ ያጥራል። ኮሌጅ ውስጥ ቡድኑ በ30 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ በርካታ ግዛቶች ግን በሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ያለ ሰዓት የላቸውም፣ ስለዚህ ከዚያ የመጣ ልጅ ሐሳቡን ሳይጨርስ ጊዜው ያልቅበታል። ሩጫህን ደግሞ ሜዳ ላይ አድርገው። በብዙ ኮሌጆች የሚታወቀው ፈተና ሜዳውን በወርዱ 17 ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ መመላለስ ነው፤ በመንገድ ላይ ሩቅ መሮጥ ለዚህ አያዘጋጅም፣ ጉልበት የሚፈጀው መቆሙና መዞሩ ነውና።

ስለዚህ መንገድ ሲወራ ስኮቲ ፒፐን ሳይነሣ አይቀርም። በ1983 ማንም ሳይመለምለው ያን ጊዜ በኤንኤአይኤ ወደነበረው ሴንትራል አርካንሳስ ገባ፤ መጀመሪያ የቡድኑን ዕቃ በመያዝ ነበር የሠራው፣ ቁመቱም 1.85 ሜትር ገደማ ነበር። ኮሌጅ እያለ ከሁለት ሜትር በላይ ሆነ፤ በ1987 በ5ኛ ምርጫ ኤንቢኤ ገባ። ይህን ታሪክ "ታገሥ፣ አንተም ትሆናለህ" ለማለት የሚጠቀሙበት ሰዎች ወጣቱን ይጎዱታል፤ በ20 ዓመት ላይ እንዲያ የሚያድግ ሰው ብርቅ ነው። ከታሪኩ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። አካሉ ሲለወጥ እርሱ ከቡድኑ ጋር ጂም ውስጥ ነበር፣ አሠልጣኞቹም ያውቁት ነበር።

አራተኛው ሥራ የወረቀት ነው፤ አጭር ይመስላል እንጂ በርካታ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው። ግቢ በገባህ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ስፖርት ቢሮው ሂድና የሚፈለገውን ሁሉ ጠይቅ። በአብዛኛው የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን፣ ማለትም በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ይጠበቅብሃል፤ በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ተማሪ ይህ ለቪዛውም ግዴታው ነው። በቅርብ ወራት የተደረገ የሐኪም ምርመራ፣ የጤና መድን ማስረጃና በኤንሲኤኤ ኮሌጆች የሲክል ሴል ምርመራ ውጤት ይጠየቃል። የምርመራ ቀጠሮ በሙከራው ሳምንት ለማግኘት የሞከረ ልጅ ወረቀቱ እስኪመጣ ቡድኑ ተመርጦ ያልቅበታል። ከሌላ ኮሌጅ የተዛወርክ ከሆነ ደግሞ የመጫወት መብትህን የሚያረጋግጥልህ የኮሌጁ የደንብ ክፍል ስለሆነ ከጓደኛ ወሬ ይልቅ እነርሱን ጠይቅ።

በእነዚያ የሴፕቴምበር ሳምንታት ደንቡ አሠልጣኙ ልምምድ እንዲመራ የሚፈቅድለት በጣም በተወሰነ መልኩ ነው፤ ነባር ተጫዋቾች ግን በራሳቸው ተሰባስበው ይጫወታሉ። እውነተኛው ሙከራ ይህ ነው። ካፒቴኑን ፈልገህ ተዋወቅ፣ "መምጣት እችላለሁ?" በለው፣ ከዚያ አትቅር። ጎናቸው ሆኖ የሚከላከል፣ የሚያቀብል፣ ሲሸነፍ የማይነጫነጭ ልጅ ከሆንክ ወሬው አሠልጣኙ ጆሮ ይደርሳል፤ ኦክቶበር ላይ ሁለት እኩል ልጆች ፊቱ ሲቆሙ የሚጠይቀው ካፒቴኖቹን ነውና። የሙከራው ቀን ሲመጣ አዲስ ነገር አትፍጠር። ቀድመህ ድረስ፣ ያዘጋጀኸውን አንድ ችሎታ ደጋግመህ አሳይ፣ ስትከላከል ድምፅህን አሰማ፣ የተነገረህን በመጀመሪያው ጊዜ ፈጽም።

ሴት አንባቢዬ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላንቺም ይሠራል፤ እንዲያውም በሩ ላንቺ ሰፋ ይላል። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት እኩል ዕድል እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ሆኖም በብዙ ትናንሽ ኮሌጆች የሴቶቹ ቡድን ተጫዋች ያንሰዋል። ጉዳት ሲበዛ አምስት ለአምስት ልምምድ ማድረግ የማይችል ቡድን ጥቂት አይደለም። የውጤት ሰንጠረዥ ስትከፍቺ ዘጠኝ ወይም ስምንት ስም ብቻ ካየሽ ለዚያ አሠልጣኝ ዛሬውኑ ጻፊ።

የወላጆች ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። "የመጣነው ለትምህርት ነው፤ ካልከፈሉህ ለምን ትደክምላቸዋለህ?" ይላሉ፣ ከነምክንያታቸው። የዲቪዥን 3 ቡድን በመደበኛው ወቅት እስከ 25 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በየቀኑ ማለት ይቻላል ልምምድ ወይም ጉዞ አለ። በዚያ ጊዜ ሠርቶ ይገኝ የነበረ ደመወዝ ይቀራል። ቤተሰቡ በልጁ ደመወዝ የሚተማመን ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ በግቢው ተማሪዎች መካከል የሚደረገው ውድድር ይሻላል። ደመወዙ የግድ ካልሆነ ግን ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በዲቪዥን 3 የገንዘብ ድጋፍ ሲመደብ ስፖርት ከግምት መግባት በደንብ የተከለከለ ነው። በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ ገቢ የተሰጠ ድጋፍ ልጁ ቡድኑን ስለለቀቀ ወይም ስለተጎዳ አይቀነስም። ስለዚህ ውጤቱ ቢወርድ ኳሱን አቁሞ ትምህርቱን መቀጠል ይችላል፤ ይህን ከመጀመሪያው ከወላጆችህ ጋር ተስማማበት፣ የውጤቱንም ወለል በቁጥር አስቀምጡት።

ጾምንም አስቀድመህ አስብ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ጨዋታው ገና ተጀምሯል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሊጉ ፍጻሜ ሲቃረብ ይገባል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም የሚውለው በዚያው አካባቢ ነው። ከአሠልጣኙና ከቡድኑ የጤና ባለሙያ ደብቆ መጾም አደገኛ ነው፤ ደክሞህ ሲያዩህ ስንፍና ይመስላቸዋል፣ ብትወድቅም ምክንያቱን አያውቁም። በኖቬምበር መጀመሪያ ንገራቸው። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ለውዝ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ከልምምድ በኋላ ጡንቻህ የሚፈልገውን ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ችግሩ በጉዞ ላይ የሚታዘዘው ፒሳና የዶሮ ሳንድዊች ነው፣ ስለዚህ የራስህን ቋጥረህ ተሳፈር። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ ደግሞ የንስሐ አባትህን አማክር፤ ይህ ከአሠልጣኝ ጋር የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ሳትመረጥ ብትቀር በዚያው ሳምንት አሠልጣኙን አሥር ደቂቃ ጠይቀው። "ለምን ቀረሁ?" የሚለው ጥያቄ ምክንያት እንዲደረድር ያደርገዋል፤ "የመረጥከው ልጅ ያለው፣ እኔ ያጣሁት ምንድን ነው?" ብትለው ግን የምትሠራበት መልስ ይሰጥሃል። ቀጥለህ በሁለተኛው ቡድን፣ በቪዲዮ ቀረጻ ወይም በቡድን ረዳትነት ቦታ ካለ ጠይቅ። ይህ የማያጓጓ ሥራ ሰውን ከጨዋታው ዓለም አያወጣም፤ ፍራንክ ቮግል በዲቪዥን 3ቱ ጁኒያታ ይጫወት ነበር፣ ወደ ኬንታኪ ተዛውሮ በተማሪ ረዳትነት ጀመረ፣ በ2020 ደግሞ ሌከርስን አሠልጥኖ ሻምፒዮን አደረገ። ወቅቱ በማርች ሲዘጋ የሚመረቁትን ስም እንደገና ቁጠር፣ በኦክቶበር የሰጠህን መልስ ይዘህ ወደ ቢሮው ተመለስ፣ በበጋው ምን ላይ እንደምትሠራም አስቀድመህ ጽፈህ አሳየው።